ለክልል የባህል ቢሮና የተፈጥሮ ሀብት ቢሮ ኃላፊዎች፦ ሽማግሌውን እቅዱ ካለቀ በኋላ አትጥሩት

ሰላም ለናንተ ይሁን፣

እኔ የምለው፣ ማሳተፍ ማለት የቅርስና የደን ጥበቃ እቅዱ ታትሞ፣ ባነሩ ተሰቅሎ፣ አበሉ ከተመደበ በኋላ አባቶችን ሰብስቦ "እስቲ ግብዓት ስጡን" ማለት ነው እንዴ? እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ወፍራም እቅድ በፓወርፖይንት ይሮጣል፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ማይኩ አባቶች ጋ ሲደርስ የምሳ ሰዓት ሆኗል። አንድ አዛውንት ካርታው ላይ አረንጓዴ የተቀባውን ቦታ እያሳዩ "ይሄ እኮ የቀብር ቦታችን ነው፣ ማነው ችግኝ ጣቢያ ያለው?" ሲሉ "በቃለ ጉባኤ ይያዛል" ተባሉ። ተያዘ፣ እዛው ቀረ።

ህገ መንግስቱ አንቀጽ 92 ላይ የአካባቢ ፖሊሲ ሲነደፍም ስራ ላይ ሲውልም የሚመለከተው ህዝብ ሀሳቡን እንዲገልጽ ይደረግ ነው የሚለው። ካለቀ በኋላ ይፈርሙ አይልም።

ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ባህሉን ለአንድ ቢሮ፣ ጫካውን ለሌላ ቢሮ መከፋፈላችሁ ነው። ኮንሶን ተመልከቱ፣ በ2003 ዩኔስኮ የመዘገበው እርከኑን ብቻ ሳይሆን በግንብ የታጠሩትን መንደሮችም ጭምር ነው፣ መንደሮቹ አጠገብ ያሉት ጥብቅ ደኖች ደግሞ የመንፈሳዊ መሪዎች መቀበሪያም የመድኃኒት ዕፅ መገኛም ናቸው። ታዲያ ይሄ ቅርስ ነው ደን ነው? ሁለቱም ነው፣ ለዛውም የእርከኑን ድንጋይ በየጊዜው የሚጠግነው ገበሬው ራሱ ነው፣ እሱ ያልገባበት እቅድ ምኑን ይጠብቃል?

የመንዝ ጓሳን፣ የሰሜን ሸዋውን የደጋ ሳር ምድር፣ ደግሞ ለምን እንደምትረሱት አይገባኝም። በቄሮ ስርአት (የመንዙን ነው የምለው) ህዝቡ ራሱ ሳሩን ለዓመታት ዘግቶ ያቆየው ነበር፣ ለቤት ክዳን ሲደርስ በቀጠሮ ይከፈት ነበር፣ ቀድሞ የገባ ይቀጣ ነበር። ይሄ ለዘመናት ሰርቷል፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ ስርአቱ ሲፈርስ ግን ጓሳው ባለቤት እንደሌለው ነገር ተመነጠረ፣ ኋላ ላይ ያነሳው ያው ህዝቡ ነው፣ አዲስ ደንብ አውጥቶ። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዛ አለ። እርግጥ የድሮው ስርአት እንከን አልነበረውም አልልም፣ የመጠቀም መብቱ በዘር ሐረግ ነበር፣ ሴቶችንም ብዙ አያስገባም፣ ስለዚህ ሽማግሌ ብቻ ጋብዙ አላልኩም፣ ዕፁን ለቅማ የምታውቀዋን እናትም ጋብዙ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ኮንሰልታንት ከመቅጠራችሁ በፊት ቲኦአሩን (ኮንሰልታንቱ ምን እንደሚሰራ የሚወስነውን ሰነድ) ሽማግሌዎቹና እናቶቹ አብረዋችሁ ይጻፉት። ረቂቁ በራሳቸው ቋንቋ ይነበብላቸው፣ ያልተቀበላችሁትን ሀሳብ ለምን እንዳልተቀበላችሁት በጽሁፍ መልሱላቸው። ካርታ ላይ አይውጣብን ያሉት የአምልኮ ቦታ ካለም አታውጡት፣ ጂፒኤስ ስለያዛችሁ ብቻ ሁሉ ነገር ነጥብ አይደረግበትም።

መልሳችሁን ደግሞ ለኔ ሳይሆን በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት።