ጉንጬን ገልጣችሁ ላያችሁልኝ

ጎረቤቶቼ፣ ፊት ለፊት ላመሰግናችሁ ስል እንባ ይቀድመኛል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ከግራ ጆሮዬ ሥር ሽምብራ የምታህል እብጠት አገኘሁ። በሦስት ቀን ሎሚ አከለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ውሃም ብዙ አልጠጣም፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አፌ ሳደርግ ደግሞ ሕመሙ ያስዘልለኛል። ትኩሳቱ ሌላ።

የምድር ቤቷ እማማ "ጆሮ ደግፍ ነው" ብለው ፌጦ በሎሚ ለቀለቁኝ። የሥራ ጓደኛዬ "ጥርስህ ነው" አለ። እኔ በሆዴ ካንሰር ብዬ ጨርሻለሁ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ አንገቴን ሳይነካ መርፌ ወግቶ ሸኘኝ፣ ኪሴን ግን በደንብ ነካው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ባጃጅህን አስነስተህ ከኮዬ ፈጬ እስከ ሆስፒታል ያደረስከኝ ወንድሜ፣ "ሒሳቡ ነገ" ብለህ ነገም አልተቀበልከኝም። እግዜር ይስጥልኝ።

ተረኛዋ ዶክተር፣ ስምዎን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ጥርሴን አዩ፣ ጆሮዬን በመብራት አዩ፣ አንገቴን ዳሰሱ። ከዚያ ጓንት አጥልቀው ጉንጬን ገለጡና፣ ከላይኛው መንጋጋ ጥርሴ ትይዩ ያለችውን የምራቅ መውጫ ቀዳዳ እያዩ እብጠቱን ከጆሮዬ ወደ ፊት ጫን ጫን ሲያደርጉት መግል አፌ ውስጥ ፈሰሰ። (ምግብ ላይ ያላችሁ ይቅርታ።) "የምራቅ ዕጢህ አመርቅዟል" አሉኝ። አፍ ሲደርቅ ምራቅ አይወርድም፣ የአፍ ባክቴሪያ ሽቅብ ይገባል። ጆሮ ደግፍም የሚያሳብጠው ይህንኑ ዕጢ ነው፣ እሱ ግን በቫይረስ ነው፣ መግል የለውም። ቲቢስ ስላቸው፣ የአንገት ቲቢ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያብጠው፣ እንዲህ አያንገበግብም አሉኝ። ጠጠር ዘግቶት እንደሆነ በአልትራሳውንድ ታየ፣ የለም። እብጠቱ ካልጠፋ ግን ናሙና ስለሚወሰድ ተመለስ ብለውኛል።

አንቲባዮቲክ፣ ብዙ ውሃ፣ በሞቀ ጨርቅ መተኮስ፣ ምራቅ እንዲወርድ ደግሞ ሎሚ መምጠጥ። እማማ ይህን ሲሰሙ "ሎሚ ብዬ አልነበር!" አሉ። ብለዋል፣ ቦታውን ነው የሳቱት።

የንስሐ አባቴ፣ "ለታመመ ጾም የለም፣ ጠጣ" ስላሉኝ አመሰግናለሁ። አጥሚት በየተራ ያመጣችሁልኝ የሦስተኛ ፎቅ ሴቶች፣ ፔርሙሶቻችሁ እኔ ጋ ናቸው፣ ታጥበዋል።

እብጠቷ ተመልሳ ሽምብራ ሆናለች። የፋሲካ ዶሮ እኔ ቤት ነው። ባለባጃጁ፣ ቢያንስ እሱን እምቢ አትበለኝ።