የድጋፍ ጥሪ፦ ዘንድሮ የእማማን ቤት ደህና አድርገን እንክደን

ከሦስት ዓመት በፊት ለዚሁ ቤት ጣሪያ አዋጡ ብለናችሁ ነበር። አዋጣችሁ። ቤቱ ግን አሁንም ያፈሳል። እንደገና እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ያጠፋነውን እንናገር።

ገንዘቡ እንዲበቃን ብለን ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ገዛን። የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ እኛ የገዛነው በእጅ የሚታጠፍ ነበር። አጣናውንም ከተቆረጠ ሳምንት ሳይሞላው እርጥቡን መታነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ሲጣመም ምስማሩን ያላላል። ምስማሩም ቢሆን ቆርቆሮው ጉብ ባለበት መመታት ሲገባው ግማሾቻችን (ይህን የሚጽፈው ሰውም አለበት) ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ መታነው። አሁን ጣሪያው በሬንጅና በላስቲክ ተለጣጥፏል። ላስቲኩን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭነንበታል።

ደብረ ብርሃንን የኖረባት ያውቃታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ የተተከለው ያለ ነገር አይመስለኝም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። በረዶ ሲጥልማ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ መደማመጥ የለም። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ዝናቡ አቁሞም ጣሪያው ያንጠባጥባል። ከምድጃውና ከትንፋሽ የሚወጣው እንፋሎት ውርጭ ያቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ሌሊቱን ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ይህን የሚከለክለው ሬንጅ ሳይሆን ኮርኒስ ነው። ባለፈው ኮርኒስ የሚባል ነገር ትዝም አላለን።

እማማን ሰፈሩ ስለሚያውቃቸው ስማቸውን አንጽፍም፤ እሳቸውም አልወደዱትም። መተዳደሪያቸው ጠላ ነው። ባለፈው ነሐሴ ብቅሉ እርጥበት ገብቶት ሻገተባቸው። አልጋቸው በአንድ ክረምት የቤቱን አራት ማዕዘን ያዳርሳል።

ቤቱ 5 በ6 ሜትር ነው። ጣሪያው በሁለት በኩል ስለሚያዘቀዝቅ፣ መደራረቢያው ታስቦ፣ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 36 ይፈጃል። የምንፈልገው ባለ 32 ጌጅ ነው። ዋጋው ይበልጣል፣ እናውቃለን። ሌላው ባለ ጎማ የቆርቆሮ ምስማር፣ አጣና፣ ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት የተሰነጠቀ እንጨት) እና አሸንዳ ነው። አሸንዳ ቅንጦት የሚመስለው ካለ የቤቱን ግድግዳ መጥቶ ይይ፤ ከጣሪያው ወርዶ ከመሬት የሚፈናጠረው ውሃ ጭቃውን ከሥር በልቶታል። ለኮርኒሱ ንጹሕ የማዳበሪያ ጆንያ ከየቤቱ ከተገኘ አንገዛም።

ዘንድሮ ጣሪያ ላይ የሚወጣው አናጺ ነው። የእጁንም እንከፍለዋለን። እኛ እንሸከማለን፣ እናቀብላለን፣ መዶሻ አንነካም።

ብር የምታዋጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ቆርቆሮ ራሱ ገዝቶ ማምጣት የሚፈልግም ይችላል፤ ጌጁን ግን አደራ፣ የተለያየ እንዳይሆንብን። ዲሲም ሆነ ሪያድ ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። የገባውና የወጣው ሁሉ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

የሚያስቸኩለን እንጨቱ ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ ተገዝቶ፣ የበልጉ ዝናብ እንዳይመታው በእድሩ መጋዘን ተደርድሮ ሁለት ወር ይድረቅ ብለናል። ስለዚህ ለአጣናና ለሞራሌ የሚሆነው ብር ይቅደም። የቆርቆሮው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቢደርስ ይሆናል። ደቦው በግንቦት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ነው፤ ቀኑን እንነግራችኋለን። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ግን ቤቱ መከደን አለበት።

የደቦውን ጠላ እማማ ችለዋል። ብቅሉም ከወዲሁ፣ ፀሐይ ሳለ፣ እንዲደርቅ ተሰጥቷል።