ሊጡ ኩፍ እስኪል

ይድረስ ለልብ ወዳጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ፣ እናታችንስ ደኅና ናቸው ወይ? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤን እንዲህ መጀመር እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። «ወልጃለሁ፤ ወደ ሥራ ልመለስ ነው፤ ጊዜውን ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም» ብለሽ የላክሽልኝ መልእክት እንኳ ከወር በላይ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። ዝም ያልኩት ረስቼሽ ሳይሆን ረጋ ብዬ የምጽፍበት ቀን እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ ያ ቀን ግን እንደማይመጣ ስለተረዳሁ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት አብሲቱን ጥዬ ሊጡ ኩፍ እስኪል ባለችኝ ጊዜ ጀምሬልሻለሁ።

አስቀድሜ የተሳሳትሁበትን ልንገርሽ። ሁለተኛውን ልጄን ወልጄ ሥራ ስመለስ መፍትሔው ማልዶ መነሣት መስሎኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት ጀመርሁ። ቁርሱን፣ የልጆቹን ምሳ ዕቃና የምሽቱን ወጥ ሠርቼ፣ ከአያት እስከ ሜክሲኮ ባቡሩ ሲሞላ የታክሲ ሰልፍ ይዤ፣ 2፡30 ቢሮ እገባ ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ራሴን እንደ ጀግና ቆጠርሁ። በአራተኛው ሳምንት የወር መዝጊያ ሂሳብ ስንሠራ የአንድ ደንበኛ ክፍያ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ተገኘሁ፤ ስህተቱን ስፈልግ ደግሞ ያን ዕለት ማታ እስከ 2 ሰዓት ቢሮ አመሸሁ። ስለዚህ ማንም «ቀደም ብለሽ ተነሺ» ቢልሽ አትስሚው፤ በተለይ ጡት የምታጠባ ሴትን እንዲህ የሚመክር ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፈው የማያውቅ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምሠራውን ሁሉ በአሮጌ ቫውቸር ጀርባ ለአንድ ሳምንት መዘገብሁ። (የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ብቻ አትንፈጊኝ።) ወረቀቱን ሳየው ያደከመኝ ማጠቡና ማቁላላቱ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ቅዳሜ እንጀራ ለመጋገር ረቡዕ ማታ ማቡካት እንዳለብኝ፣ ዘይቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ የትንሹ ክትባት መቼ እንደሆነ፣ የዕድር መዋጮ እንደደረሰ፣ ይህን ሁሉ የሚያስታውሰው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነበር። ባለቤቴ ሰነፍ ሰው አይደለም። ነገር ግን «ምን ልርዳሽ?» ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር ሥራውን ከፋፍዬ የማዘው፣ ከዚያም መሠራቱን የማረጋግጠው እኔው ነበርሁ፤ ርዳታው ራሱ ተጨማሪ ሥራ ሆኖብኝ ነበር።

ስለዚህ ርዳታ መጠየቁን ትቼ አንዱን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አስረከብሁት፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ጉዳይ። ክፍያው፣ የሰርቪሱ ሰዓት፣ የመገናኛ ደብተሩ፣ የወላጆች ስብሰባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ሁሉም የእርሱ ሆነ። ወዳጄ፣ ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ የስፖርት ልብሷን ሳትይዝ ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች። ቱታው ታጥቦ መሳቢያ ውስጥ መቀመጡን ማለዳ አይቼ ነበር፤ አውቄ ዝም አልሁ። ከእርሷ ለቅሶ ይልቅ «እናት ሆና እንዴት ዝም ትላለች» የሚለው የውስጤ ክስ አንገበገበኝ። ነገር ግን ያን ጠዋት ቱታውን ከቦርሳዋ ብጨምርላት ኖሮ ጉዳዩ በዚያው ወደ እኔ ይመለስ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ሐሙስ ማታ አጥፎ በር ላይ አኖረው። ዛሬ የሰርቪሱን ሹፌር ስልክ ቁጥር እንኳ አላውቀውም፤ እንደዚህ ደስ የሚል አለማወቅ የለም።

የወጥ ቤቱን ጉዳይ ባጭሩ ልንገርሽ። እሑድ ከሰዓት ለሳምንት የሚበቃ ሽንኩርት ከትፌ በዘይት ብቻ አቁላላለሁ፤ ግማሹን ፍሪጅ፣ ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ቅቤ ስለሌለበት ረቡዕና ዓርብ ለምስሩና ለሽሮው፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ለሥጋው ይሆናል። (ለበዓል ዶሮ ግን አይሞከርም፤ እርሷ የራሷን ሽንኩርትና የራሷን ቀን ትፈልጋለች።) እንጀራውን በሳምንት ሁለት ጊዜ መጋገር ትቼ ቅዳሜ ብቻ አድርጌዋለሁ። መብራት የጠፋ ቅዳሜ ከሱቅ እገዛለሁ። አማቴ የሱቅ እንጀራ ሲቀርብላቸው ጫፉን አንሥተው በብርሃን ያዩታል፤ እኔም አላየሁም ብዬ ወጡን እጨምርላቸዋለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን፣ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከወለድሽ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጥሻል፤ ለአባትየው የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ የአራሷ ገንፎ እንኳ ሳያልቅ ማለት ነው። ሐኪሞች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እያሉ ይመክራሉ፤ አንቺ ግን ልጅሽ ገና 3 ወር ሲሞላው ቢሮ ትገቢያለሽ። የዚያን የሦስት ወር ክፍተት ፕላን አሁኑኑ አውጪለት። የታለበ የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ቢበዛ ለ4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ለ4 ቀን ይቆያል፤ በባሕር ዳር ሙቀት ግን ጠረጴዛ ላይ መተው አይሆንም፤ በረዶ ያለው መያዣ ይዘሽ ሂጂ። ሥራ ከመጀመርሽ አስቀድሞ የምታልቢበትን ክፍልና ሰዓት ከአለቃሽ ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺ፤ ከተመለስሽ በኋላ ስብሰባው መሐል ላይ መጠየቅ ያሳቅቃል፤ እኔ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።

ለቅሶን ከቀን መቁጠሪያ ማስወጣት አይቻልም፤ አልሞከርሁምም። የተውሁት በየሳምንቱ የሚደገሰውን የልደት ግብዣ ነው። ቡናውንም በሥራ ቀን ከአቦል አላሳልፍም፤ በረካውን የምንደርስበት ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶቼ ተቀይመውኝ ይሆናል። ሁሉንም አስደስቼ፣ ሁሉንም ሠርቼ ጤነኛ ሆኜ የምቆይበትን መንገድ አላገኘሁም፤ አገኘሁ የምትልሽ ሴት ብትኖርም አትመኛት።

አንቺም ባለቤትሽ የትኛውን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እንደሚረከብ እስከ ሐሙስ አስቢበት። ከንግዲህ በየሳምንቱ ሐሙስ 6፡30፣ ለምሳ ስወጣ እደውልልሻለሁ፤ በቢሮ ቀን መቁጠሪያዬ ላይ ከክፍያ ማጽደቂያው ሥር ጽፌዋለሁ። ሕፃኑን እያጠባሽው ከሆነም ስልኩን አንሺው፤ እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ።

ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ ምጣዱም ግሏል። እናታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ናፋቂ እህትሽ