«ሁሉ»ን ከየት አመጣሃት?

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ድሬ እንደምታውቃት ናት፤ ከምሳ በኋላ ሱቁም ሰዉም ይተኛል። እኔ ግን የላክህልኝን የሎጂክ ሞጁል ስልኬ ላይ ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ማክሰኞ ማታ ደውለህ ያልከኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ያልከኝን ወረቀት ላይ ደረደርኩት። «እኔ የሚድ ፈተና አበላሽቻለሁ። ሚድ ያበላሸ ሁሉ ውጤቱ ይወርዳል። ውጤቱ የወረደ ሁሉ የፈለገውን ዲፓርትመንት ያጣል። የፈለገውን ዲፓርትመንት ያጣ ሁሉ ሥራ አያገኝም። ስለዚህ እኔ ሥራ አላገኝም፤ ቤቴ ልምጣ።»

አቦ፣ ይሄ እኮ ሞጁልህ ሶራይቲስ የሚለው ነው! የአንዱ መነሻ (መደምደሚያው የሚቆምበት ዓረፍተ ነገር) ጭራ ለሚቀጥለው ራስ ይሆናል። መሀል ያሉት መደምደሚያዎች ሳይነገሩ ይታለፋሉ። ጎክሌኒየስ የሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ (እ.ኤ.አ. 1547–1628) ከኋላ ወደ ፊት የሚደረደረውን አሳየ። ያንተው የአርስቶትል የሚባለው፣ ከፊት የሚጀምረው ነው። አፍራሽ መነሻ፣ ማለትም «አያገኝም» ዓይነቱ፣ አንድ ብቻ፣ እሱም መጨረሻ ላይ። ቅርጹ እንከን አይወጣለትም። ሚድ ያበላሸ ልጅ እንዲህ ይደረድራል እንዴ?

ግን «ሁሉ»ን ከየት አመጣሃት? እውነቱ «አንዳንዱ» ነው። ደንቡ ደግሞ «አንዳንድ» የሚፈቀደው የመጀመሪያው መነሻ ላይ ብቻ ነው ይላል። መሀል ከገባ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ሚድ ካበላሹት አንዳንዶቹ ውጤታቸው ቢወርድ፣ አንተ ከነሱ አንዱ መሆንህን በምን አወቅክ?

«ቤቴ ልምጣ» ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ብርቱካን ልገዛ ሄጄ «ይጣፍጣል?» ብላት፣ ሻጯ «የኤረር ነው እኮ!» አለችኝ። ኤረር በብርቱካኑ የታወቀ አገር አይደል? በቃ፣ ሁለት ኪሎ አስመዘንኩ። ቤት ስንልጠው ግማሹ ኮምጣጣ! ሴትዮዋ ግን አልዋሸችኝም። «የኤረር ብርቱካን ሁሉ ይጣፍጣል» አላለችም፤ እኔው ነኝ በሆዴ የሞላሁላት። አንዱ መነሻ ሳይነገር ሲቀር ሞጁልህ ኤንቲሚም ይለዋል። አንተም «ሥራ የማያገኝ ሁሉ ትምህርቱን ትቶ ቤቱ ይገባል» የምትለዋን ዋጥ አድርገህ ነው ያለፍከው። እኔ አልሞላልህም።

ፋይናሉ መቼ እንደሆነ ጻፍልኝ። እናትህ ሐልዋ በአውቶቡስ ልካልሃለች። ብርቱካኑን ትተነዋል።

አባትህ