ወንድምዬ፣ ሰኔ ላይ አይስላንድ ልሄድ ነው

ወንድምዬ እንዴት ነህ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክልኝን ቮይስ ከሥራ ስወጣ ባቡር ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። "ከሄድሽ አይቀር ደሴቲቱን ዙሪያት እንጂ" ብለሃል። "ደግሞስ አፋር ውስጥ የሌለ ምን አላት?" ላልከውም መልስ አለኝ። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ስለ መዞሩ። ያለኝ ፈቃድ አራት ቀን ብቻ ነው። ደሴቲቱን የሚዞረው ዋና መንገድ 1,300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ለአንተ ይሄ ምንም አይደለም፣ ጅቡቲ ደርሰህ ስትመለስ ከዚያ በላይ ትነዳለህ። እኔ ግን የምሄደው መሬቱን በእግሬ ረግጬ ላየው ነው፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮት እያየሁ ካለፍኩማ ምኑን ሄድኩት? ስለዚህ ደቡቡን ብቻ ይዘናል። ከዋና ከተማው ከሬይክያቪክ ተነስተን ዮኩልሳርሎን እስከሚባለው የበረዶ ሐይቅ፣ ወደ 370 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በዚያው መንገድ መመለስ። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬም ትነዳለች፣ እየተቀያየርን ነው። ቪዛ አያስፈልገንም፣ አይስላንድ ሸንገን ውስጥ ስለሆነች የኖርዌይ መኖሪያ ፈቃዴ ይበቃል። ከኦስሎ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት አይሞላም።

አሁን ስለ አፋር። እውነትህን ነው፣ ነገሩ አንድ ነው፤ ደግሞም የምሄደው ለዚሁ ነው። ውቅያኖስ ወለል ላይ መሬት ተሰንጥቆ ሲራራቅ ከስር አዲስ ድንጋይ ይወጣል። ይሄ ነገር ከባሕር ወጥቶ በደረቅ መሬት በግልጽ የሚታየው አይስላንድ ላይና እኛ አፋር ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1998 ዳባሁ አካባቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ሲሰነጠቅ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር እንደተራራቀ ታስታውሳለህ? አይስላንድ ደግሞ ቲንግቬትሊር የሚባል ቦታ አለ። የሰሜን አሜሪካና የዩራሲያ (አውሮፓንና እስያን የያዘው) የመሬት ንጣፎች በዓመት ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ የከፈቱት ሸለቆ ነው። በእግር ትሄድበታለህ፣ በአንድ በኩል ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ቆሞ። በ930 (ከዚህ በኋላ ዓመቱንም ወሩንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) ሰዎቹ የመጀመሪያውን ሸንጎ የተቀመጡትም እዚያው ነው። አንተ ከሰመራ ወዲህ በየቀኑ የምታየውን ጥቁር ድንጋይ እኔ ሩቅ ሰሜን ሄጄ ልረግጠው ነው፣ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ልዩነቱ በረዶው ነው። ቫትናዮኩል የሚባለው የበረዶ ግግር ብቻውን ከአገሪቱ መሬት ስምንት ከመቶ የሚሆነውን ይሸፍናል፣ ከስሩ ደግሞ እሳተ ገሞራ አለ። ቀልጦ የወጣ ድንጋይ በረዶ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ደቅቆ አመድ ይሆናል። በ2010 ኤያፍያትላዮኩል ሲፈነዳ የአውሮፓን በረራ ለቀናት ያቆመው ይሄ አመድ ነው። በእሱ ስር እናልፋለን።

አንድ ቦታ ግን በተለይ ለአንተ ብዬ እቆማለሁ። በ1996 መስከረም ማለቂያ ላይ ከቫትናዮኩል ስር እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የቀለጠው ውሃ ወዲያው አልወጣም። ከግግሩ ስር ተጠራቅሞ ከወር በላይ ቆየና ኅዳር መጀመሪያ ላይ በአንዴ ተለቀቀ፣ ቤት የሚያክል የበረዶ ቋጥኝ እየገፋ ወደ ባሕር ሲወርድ ዋናውን መንገድና ድልድዮቹን ጠራርጎ ሄደ። መንገዱ ቀድሞ ተዘግቶ ስለነበር ሰው አልሞተም። የድልድዩ ወፍራም ብረት ተጠማዞ አሁንም መንገድ ዳር ቆሟል፣ ማንም ወርዶ ሊነካው ይችላል። ከሁሉም አቅጣጫ አንስቼ እልክልሃለሁ፤ ብረት የሚያውቅ ሰው አይቶ ይፍረደው።

ስለ መኪናው ጠይቀኸኛል። ትንሽ የቤት መኪና ነው የተከራየነው፣ በበጋ ለዋናው መንገድ ትበቃለች። ወደ መሃል የሚገቡት የፒስታ መንገዶች ፎር ዊል ይፈልጋሉ፣ ወንዝም ያሻግራሉ፤ ብዙዎቹ በረዶው እስኪለቃቸው ዝግ ስለሆኑ ትተናቸዋል። ፍጥነት አስፋልት ላይ 90፣ ጠጠር ላይ 80 ነው። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች አሉ፣ ቀድሞ የቀረበ ያልፋል። ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ላይ መንዳት በሕግ ክልክል ነው። ላቫው ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ምንጣፍ አንዴ ጎማ ከረገጠው ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ክልከላው ልክ ነው እላለሁ። አንተን የሚገርምህ ግን ኢንሹራንሱ ነው። ለአሸዋና ለአመድ የሚባል ለብቻው አለ። ነፋሱ አመድ ካነሳ የመኪና ቀለም ይልጣል። በሩንም አጥብቀህ ይዘህ ካልከፈትክ ነፋሱ ወደ ውጭ ገልብጦ ማጠፊያውን ያበላሸዋል።

እማዬን እባክህ አረጋጋልኝ። በ2025 ኅዳር ላይ አፋር ያለው ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ህንድ ድረስ መሄዱን ከሰማች ወዲህ እሳተ ገሞራ ስትባል ትደነግጣለች። ግሪንዳቪክ የምትባለው ከተማ በ2023 ሰዎቿን ማስወጣቷ እውነት ነው። እኛ ግን በእሷ በኩል አንሄድም። ቪክ የምትባል ትንሽ ከተማ እናድራለን። ካትላ የሚባለው ትልቁ እሳተ ገሞራ ከበላይዋ በረዶ ስር ነው ያለው፣ ለመጨረሻ ጊዜ በኃይል የፈነዳው በ1918 ነው። ጎርፍ ከመጣ የከተማው ሰው የሚሸሸው ኮረብታው ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሄን ንገራት፣ ደስ ይላታል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እዚያው ቪክ አጠገብ ሬይኒስፍያራ የሚባል ጥቁር አሸዋ ያለበት ባሕር ዳር አለ። ውሃው ጸጥ ያለ ይመስልና አንድ ማዕበል ድንገት ከሌሎቹ አልፎ ይመጣል፣ ሰው ይዞ ይሄዳል። ጎብኚዎች ሞተውበታል። ከሩቅ አይተነው እንመለሳለን፣ በዚህ ከጓደኛዬ ጋር ተማምለናል። በበረዶው ላይም የምንሄደው ከአስጎብኚ ጋር ነው፣ ጫማ ስር የሚታሰር ሹል ብረት እነሱ ይሰጡናል።

የበረዶ ሐይቁ የመጨረሻው ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ሐይቅ አልነበረም፤ ግግሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ሲሄድ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው፣ አሁንም እየሰፋ ነው። ኦክ የሚባለው ግግር በጣም ሳስቶ መንቀሳቀስ ስላቆመ በ2014 ከግግርነት ተሰርዟል፣ በ2019 የመታሰቢያ ጽሑፍ አቁመውለታል። ስለዚህ "ቆይ፣ ገንዘብ ስታጠራቅሚ ትሄጃለሽ" አትበለኝ። የእማዬን የወር ወጪ አልነካሁም፣ ተጨማሪ ሽፍት ሠርቼ ነው። ምግብ እዚያ እሳት ስለሆነ የላካችሁትን በሶና ቆሎ ይዘን እንሄዳለን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውልልኝ። ጠጠር ላይ ቁልቁለት ሲሆን ፍሬን አያያዙን በደንብ ንገረኝ፣ ጓደኛዬም ትሰማለች። ለልጆቹ ሰላምታ፣ ለእማዬ ጉልበቷን ሳምልኝ።

እህትህ፣ ከኦስሎ