ግልጽ ደብዳቤ ለአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ዋና አዛዥ፦ የኮልድ ቤይ ሄሊኮፕተር በሸርጣን ወቅት ብቻ አይወሰን

ለተከበሩ የአሜሪካ ኮስት ጋርድ ዋና አዛዥ፣

በአላስካ ዓሣ አቀነባባሪ መርከብ ላይ አራት ወቅት የሠራሁ፣ ሲያትል የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛም የማወጣው በየዓመቱ ከዚህ ከተማ ወደ አላስካው የዓሣ ወደብ ደች ሃርበር የሚጓዙ ወገኖቼ እንዲያነቡት ነው። ጉዳዬ በአላስካ ኮዲያክ ደሴት ያለው የኮስት ጋርድ አየር ጣቢያ በብርዱ ወራት ለሸርጣን አጥማጆች ሲል ለደች ሃርበር ይበልጥ ወደምትቀርበው ወደ ኮልድ ቤይ የሚያሰማራው ሄሊኮፕተር ነው።

ከኮዲያክ እስከ ደች ሃርበር 600 ማይል ያህል ነው። ጄይሆክ የተባለው የኮስት ጋርድ ትልቁ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ግን የሚይዘው ነዳጅ 300 የባሕር ማይል ያህል ርቆ፣ 45 ደቂቃ ሰው ሲያወጣ ቆይቶ ለመመለስ ነው የሚበቃው። ከኮዲያክ የሚነሳ አብራሪ እንግዲህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላት ግድ ይሆንበታል፤ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ያን ያህል አይቆይም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2008 ሌሊት፣ ለፈረንጆቹ ፋሲካ በሚነጋበት፣ እኛ ገና ዐቢይ ጾም ላይ ሳለን፣ አላስካ ሬንጀር የተባለው መርከብ ከደች ሃርበር 120 ማይል ያህል በስተምዕራብ ሰጠመ። በላዩ 47 ሰዎች ነበሩ፤ 42ቱ ተረፉ። ቀድሞ የደረሰላቸው ጄይሆክ የመጣው ከኮዲያክ ሳይሆን በሸርጣን ወቅት ከተመደበበት፣ ቤሪንግ ባሕር ውስጥ ካለችው ከሴንት ፖል ደሴት ነበር፤ አላስካ ሬንጀር ግን የሸርጣን መርከብ አልነበረም። በኋላ የደረሰችው ትንሿ ሄሊኮፕተር ቦታ ሲጠባት፣ የነፍስ አድን ዋናተኛዋ ለሌላ ሰው ቦታ ለቆ ከተረፉት ጋር በጎማ ጀልባ ላይ ቀረ። ይህን ሰው ባሰብሁ ቁጥር እንባ ይተናነቀኛል።

እኛም በየወቅቱ መጀመሪያ የውኃ መከላከያውን ቀይ ልብስ በፍጥነት መልበስ እንለማመድ ነበር። እግር ቶሎ እንዲገባ ጫማችን ላይ ፌስታል እናጠልቃለን፤ ጓንቱ ወፍራም ስለሆነ ዚፑን በጣት መያዝ አይቻልም፣ የሚዘጋው ጫፉ ላይ የታሰረውን ማሰሪያ ወደ አገጭ በመሳብ ነው። ልብሱ ዕድሜ የሚያራዝመው ለሰዓታት ነው፣ እሱም የሚመጣ ሰው ካለ።

እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ በቤሪንግ ባሕር ስኖው ክራብ የተባለውን ሸርጣን ማጥመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታገድ የሸርጣን ጀልባዎቹ ቆሙ፤ ፖሎክ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱት መርከቦች ግን እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2023 ሥራ ጀመሩ፣ እያንዳንዳቸውም ከመቶ በላይ ሠራተኛ የሚጭኑ አሉባቸው። ስለዚህ የኮልድ ቤይ ሥምሪት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን በሸርጣኑ ብዛት ሳይሆን በባሕሩ ላይ ባለው ሰው ቁጥር እንዲወሰን፣ የብርዱ የፖሎክ ወቅት እስኪያበቃም ሄሊኮፕተሩ ከነሠራተኞቹ እዚያው እንዲቆይ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መርከቦቹ ከሲያትል የሚነሱት የፈረንጆቹ ገና እንዳለፈ ስለሆነ፣ ውሳኔዎ ከዚያ በፊት በይፋ ቢነገረን ተሳፋሪውም ቤተሰቡም ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የዓሣ መርከብ ሠራተኛ፣ ሲያትል