ሊቨርፑል ሁለት ናት፤ ድዋየር የኖረው በእኛዋ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አየርላንዳዊው ማይክል ድዋየር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ርዕሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። የእኛ ሰፈር ሰው ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ በየቀኑ አይገኝም። ሻዬን ቀድቼ፣ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ሻዩ ትን አለኝ። «በኋላም በእንግሊዟ የሊቨርፑል ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ አገልግሏል» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ። የአንፊልድ ስታዲየም!

ጥያቄ አለኝ። ስታዲየሙን ከ1820 ሰው ጋር ምን አገናኘው? ድዋየር ፖሊስ ነበር ወይስ የመስመር ዳኛ?

እኔ የምኖረው ሊቨርፑል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከሲድኒ መሃል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ጆርጅስ ወንዝ ዳር። ከተማዋን በኖቬምበር 1810 የቆረቆራት የቅኝ ግዛቱ ገዢ ላክላን ማኳሪ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናንተ አንዱን በእነሱ፣ አንዱን በእኛ እያደረጋችሁ አደናግራችሁኛል፤ እሱን ግን ዛሬ ልለፈው።) ስሟንም ያወጣላት ለሎርድ ሊቨርፑል ክብር ነው። ያኔ ለንደን ሆኖ የቅኝ ግዛቶችን ጉዳይ የሚመራው እሱ ነበር። ከእግር ኳሷ ከተማ ጋር ያላት ዝምድና በሹሙ ማዕረግ በኩል ነው። የሩቅ ዝምድና፤ ለቅሶ እንኳ የማያደርስ።

እንግዲህ ረጋ ብለን እናስብ። ድዋየር ማነው? በአየርላንድ በዊክሎው ተራሮች ውስጥ፣ ከ1798ቱ አመፅ ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል እንግሊዞችን ያስለፋ ሽፍታ ነው። እሱንና ጓደኞቹን ለመያዝ ብለው ተራራውን ሰንጥቀው መንገድ ሠሩ። መንገዱ ዛሬም «የጦር መንገድ» ነው የሚባለው፤ አሁን ቱሪስት ይነዳበታል። በፌብሩዋሪ 1799 ደርናመክ በሚባል ቦታ አንዲት ጎጆ ውስጥ ከበውት ነበር። ጓደኛው ሳም ማክአሊስተር ቆስሏል። ማክአሊስተር በሩ ላይ ወጥቶ ቆመና ተኩሱን ሁሉ በራሱ ላይ ተቀበለ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን እንደገና እስኪያጎርሱ ድዋየር ሮጦ አመለጠ። ይህን ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችሁታል፤ አመሰግናለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው፣ ከደብሊን ባሕር ብቻ በሚለየው በራሳቸው ወደብ ላይ ፖሊስ አዛዥ አድርገው ይሾሙታል? ሥጋ ለጅብ አደራ ካልሆነ በቀር? ጸሐፊያችሁ ይህችን አንዲት ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሒሳቡም እምቢ ይላል። ድዋየርን የጫነችው ቴሊቸሪ የምትባለው መርከብ በኦገስት 1805 ተነሥታ ሲድኒ የደረሰችው በፌብሩዋሪ 1806 ነው። ለአንድ ጉዞ ግማሽ ዓመት። በእናንተ አተራረክ ግን ሰውዬው ጠዋት ሲድኒ አጠገብ፣ እርሻው ካብራማታ ላይ ላሙን አልቦ፣ ከሰዓት እንግሊዝ አገር ሌባ ይዞ፣ ማታ ለራት ሚስቱ ጋ ይመለሳል። እንዲህ የሚበር አየር መንገድ ካለ ስልኩን ላኩልኝ። እኔ አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት አውሮፕላን ቀይሬ ነው።

«አውስትራሊያስ ቢሆን አመፀኛን ኮንስታብል፣ ፖሊስ ማለት ነው፣ አድርገው ሾሙት አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ሾሙት። የታሪኩ ጣዕም እዚህ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ የጣላችሁት እሱን ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ፣ ሲድኒ ባለችበት ቅኝ ግዛት ማለት ነው፣ ነፃ ሰው እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በ1789 ሲድኒ ላይ የመጀመሪያው የሌሊት ጥበቃ ሲቋቋም አባላቱ አሥራ ሁለት እስረኞች ነበሩ። ሌባን ሌባ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። የሊቨርፑልን ቤተ ክርስቲያን ንድፍ የሠራው አርክቴክት ፍራንሲስ ግሪንዌይ ራሱ ሰነድ አስመስሎ በመሥራት ተፈርዶበት የመጣ ሰው ነው። በኋላ የአውስትራሊያ አሥር ዶላር ላይ ፊቱን አትመውለታል። አጭበርባሪ በብር ኖት ላይ! ድዋየር ኮንስታብል መሆኑ የሚገባን በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስናስቀምጠው ነው። እንግሊዝ ወስዳችሁ ስትጥሉት ተረት ይሆናል።

አሁን ወደ ራሴ ቁስል ልምጣ። አዎ፣ የግል ነው። አልደብቅም።

እዚህ ከተማ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ያሉት አጎቴ ለጎረቤት ሁሉ «የእህቴ ልጅ እንግሊዝ ነው» ሲሉ ኖረዋል። «ጋሼ፣ አውስትራሊያ ነኝ» እላለሁ። «ሊቨርፑል አይደለህም እንዴ?» ይሉኛል። «ነኝ፣ ግን...» ስልክ ተቋረጠ። የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ጀበና ላከችልኝ። አድራሻውን አስተካክላ ጽፋለች፤ የአገሩ ስም ሳይቀር። ዕቃ አድራሹ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ጀበናዬን እንግሊዝ አስጎበኘው። ከአራት ወር በኋላ ሲደርሰኝ ጆሮ የለውም፣ አንገት የለውም። በትኬቱ እኔ ብሄድበት ይሻል ነበር።

የ2018ቱ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ጊዜማ አይነሣ። ሊቨርፑል ኪየቭ ላይ በሪያል ማድሪድ 3 ለ 1 ተሸነፈ። እኛ ጋ ሊነጋጋ ነው፣ ታክሲ እየነዳሁ ነው። ስልኬ አያርፍም። «አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ፣ ሳላህ እንዴት ነው ትከሻው?» እኔ የሳላህን ትከሻ ከየት አውቃለሁ? ከሁሉ የሚያበሽቀው እኔ የአርሴናል ደጋፊ መሆኔ ነው። የራሴ ሐዘን መች አነሰኝ?

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። አሁን ግን አጎቴ የእናንተን ጽሑፍ በቴሌግራም ላኩልኝ። ከሥሩ «ይኸው፣ ጋዜጣም ጻፈው» ብለዋል። ምን ልበላቸው? ማስረጃውን ያቀበላችኋቸው እናንተ ናችሁ።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። በምዕራብ ሲድኒ የምንኖር ሐበሾች ጥቂት አይደለንም። እናንተንም እናነባለን፣ ማስታወቂያም እንሰጣችኋለን። አንባቢዎቻችሁ የሚኖሩበትን ከተማ ከካርታ ላይ ስትፍቁ ቢያንስ ቀድማችሁ ብትነግሩን ደግ ነበር።

አንድ ቃል ደግሞ አለ። «ከባድ ወንጀል ፈጽሞ የተፈረደበት» ብላችኋል። ማን ፈረደበት? በዲሴምበር 1803 እጁን ሲሰጥ ወደ አሜሪካ እንልክሃለን ብለው ቃል ገቡለት። ከዚያ ደብሊን ኪልሜነም እስር ቤት ዘጉበት። በመጨረሻ አሜሪካ ቀርቶ ወደ ሲድኒ ጫኑት። ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተፈረደበትም። ለዚህ የእኛ ቋንቋ ጥሩ ቃል አለው፤ ግዞተኛ ይባላል። እናንተም አንድ ቦታ ላይ «ግዞት» ብላችኋል፤ ታዲያ ቃሉ እጃችሁ ላይ እያለ ለምን ጣላችሁት?

እርሻውንማ በሁለት መስመር ነው ያለፋችሁት። «ገበሬም ሆነ» ብላችሁ። ድዋየርና አራቱ ጓደኞቹ ለእያንዳንዳቸው 100 ኤከር፣ 40 ሄክታር ማለት ነው፣ በካብራማታ ጅረት ዳር ተሰጣቸው። ጓደኞቹ ሂው ቬስቲ በርን፣ ማርቲን በርክ፣ አርተር ዴቭሊንና ጆን መርና ናቸው። መሬቱ ባለቤት ያልነበረው እንዳይመስላችሁ፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የካብሮጋል ሰዎች አገር ነው። መሬቱን የተነጠቀ አየርላንዳዊ ከሌላ የተነጠቀ መሬት ላይ ተተከለ። እናንተ «ሰው ያልነካው ጫካ» ብላችሁ ነው የጻፋችሁት።

ማረሻውን በቅጡ ሳይጨብጥ ገዢው ዊልያም ብላይ መጣበት። ያው በ1789 ባውንቲ የምትባል መርከብ ላይ መርከበኞቹ ያመፁበት ብላይ ነው። አመፅን በሕልሙም ሳያይ አያድርም መሰለኝ። በ1807 ድዋየርን ልታምፅ ዶልተሃል ብሎ ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ ነፃ ነህ አለ። ብላይ ነፃነቱን አልተቀበለም፤ ወደ ኖርፎክ ደሴት አጋዘው። በጃንዋሪ 1808 ብላይን የራሱ ወታደሮች ገለበጡትና ድዋየር ወደ እርሻው ተመለሰ። በዚህ ሰው ላይ ስንት ጊዜ እንደተፈረደበት ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ሳይፈረድበት እንደታሰረ ብትቆጥሩ ይሻል ነበር።

ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። በማኳሪ ዘመን የሊቨርፑል ዋና ኮንስታብል ሆነ። በ1820 ተባረረ፤ በስካርና የመንግሥት ሰነድ በማዝረክረክ። መሬቱ ከ600 ኤከር በላይ ደርሶ ነበር። ሐሮው ኢን የሚባል መጠጥ ቤትም ነበረው። መጠጥ ለሚወድ ሰው መጠጥ ቤት ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዕዳ ተዘፈቀ። ንብረቱን ሸጦም አልዳነም፤ በ1825 በዕዳ ታሰረ። እዚያው ተቅማጥ ያዘው ይባላል፤ በኦገስት ሞተ። ወታደር ያልያዘውን አበዳሪ ያዘው።

የታሰረበት እስር ቤትም የሲድኒ ነው። የእኛዋ ሲድኒ። ስካሩ የእኛ ነው፣ ዕዳው የእኛ ነው፣ ውርደቱ የእኛ ነው። ለእንግሊዝ አትስጡብን። እነሱ ብዙ አላቸው።

የቀብሩን ነገር ጨርሶ ዘላችሁታል። መጀመሪያ የተቀበረው እዚሁ ሊቨርፑል ነው። በ1878 ቄስ የነበረው የልጅ ልጁ አፅሙን ሲድኒ መሃል ወዳለው የዴቮንሻየር ጎዳና መቃብር አዛወረው። ዛሬ ቦታው ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ነው፤ እኔ በቀን ስንቴ ተሳፋሪ አወርድበታለሁ። በ1898 የአመፁ መቶኛ ዓመት ሲከበር ደግሞ ከሚስቱ ከሜሪ ጋር ወደ ዌቨርሊ መቃብር ተወሰደ። ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ትልቅ ሐውልት አላቸው። እዚያ ሄጄ ቆሜያለሁ። ሦስት ጊዜ የተቀበረን ሰው እናንተ አራተኛ ጊዜ እንግሊዝ ቀበራችሁት።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «በእንግሊዟ» የሚለው ቃል ይሰረዝ። የስታዲየሙ ፎቶ ይውረድ፤ ካስፈለገ የጆርጅስ ወንዝን ፎቶ እኔው አንሥቼ በነፃ እልክላችኋለሁ። ማረሚያውን ደግሞ ታች በትናንሽ ፊደል እንዳትደብቁት። አጎቴ መነጽራቸው አርጅቷል፤ እንዳላየ ማለፍም ይወዳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሊቨርፑል ነዋሪ፣ አውስትራሊያ